ለዓመታት የባንክ ዩኒፎርም ለብሼ፣ አሁን በየጠዋቱ ምን ልልበስ?

ቁም ሳጥን ሙሉ፦
ሰላም እህቶቼ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን በየጠዋቱ ሊያስለቅሰኝ ምንም አይቀረው። ለዓመታት ባንክ ነው የሠራሁት። ዩኒፎርም ነበረን፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ የምትታሰር ሻርፕ። ዓይኔን ጨፍኜ ለብሼ እወጣለሁ፣ ስለ ልብስ ሳላስብ እውላለሁ። አሁን ሳርቤት አካባቢ ወዳለ የግል ድርጅት ተዛውሬያለሁ፣ ሂሳብ ክፍል። እዚያ ዩኒፎርም የለም። "የፈለግሽውን ልበሺ" አሉኝ። የምፈልገውን መች አውቄው!

ቁም ሳጥኔ ባዶ እንዳይመስላችሁ፣ በሩ እንኳ አይዘጋም። ግን ምን አለበት? የበዓል የሀበሻ ቀሚስ፣ የካምፓስ ጊዜ ጅንስና ቲሸርት (ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጅንሱ ከጭኔ አያልፍም)፣ አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነቀለ ሸሚዝ፣ ለሚዜነት ያሰፋሁት ረጅም ቀሚስ። ለብሼ አወልቃለሁ፣ ለብሼ አወልቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያው ጥቁር ሱሪና ግራጫ ሹራብ። አዲሶቹ ባልደረቦቼ "ሌላ ልብስ የላትም እንዴ" ሳይሉ አይቀሩም።

አጭር ነኝ፣ ዳሌዬ ሰፋ ያለ ነው፣ ጠይም ነኝ። ከጀሞ በታክሲ ነው የምመላለሰው። ብር እንደ ልብ የለም። ከየት ልጀምር? አደራ፣ "በራስሽ ተማመኚ" የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ።

ስሟ ይቆየን፦
ለጊዜው ምንም አትግዢ። ሰው አለባበሴን ላሻሽል ሲል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሱቅ ነው። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የማይለበስ ልብስ ይጨመራል።

ይልቅ የእጥበት ሳፋሽን እዪ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የገዛሽው ነው፣ ሳፋ ውስጥ ያለው የምትለብሽው። ቅዳሜ ልብስ ስታጥቢ ምን ምን እንደሚወጣ ልብ በዪ። ያ ጥቁር ሱሪና ግራጫ ሹራብ በየሳምንቱ ሳፋ ውስጥ የሚገኙት ምክንያት አላቸው። ሱሪው ስትቀመጪ ወገብሽን ስለማይቆርጥሽ ነው? ሹራቡ ሆድሽን ስለሚሸፍን ነው? ኪስ ስላለው ነው? ምክንያቱን ያዢው። ቀጥሎ የምትገዢው ሁሉ ያንን ምክንያት ያሟላ እንደሆነ ጠይቂ።

የጀሞ ጎረቤት፦
እኔም ያው ነኝ። ቁጭ ብዬ ልከታተል።

ፋሽን ወዳድ፦
ምን ታስጨንቋታላችሁ? ቲክቶክ ላይ ዝርዝሩ ሞልቶ የለ እንዴ። ነጭ ሸሚዝ፣ ክሬም ሱሪ፣ ክሬም ረጅም ኮት፣ ሰማያዊ ጅንስ፣ አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ስኒከር። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳል። እነዚህን ይዘሽ ሽክ ብለሽ ነው የምትውይው።

ስሟ ይቆየን፦
ማሬ፣ ክሬም ሱሪ ለብሳ ሐምሌ ላይ ከጀሞ ሳርቤት በሚኒባስ? ዝርዝሩን ያወጣችው ሴትዮ ከደጇ መኪና ውስጥ ገብታ ቢሮዋ በር ላይ ነው የምትወርደው። የኛዋ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ትዘላለች፣ ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብላ የኋላ ወንበር ድረስ ትገባለች፣ የሰው ዣንጥላ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። ጠባብ ጉርድ ለብሶ የኋላ ወንበር መግባትን ደግሞ የሞከረ ያውቀዋል።

አየሩንም አስቡት። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ራስ ይበሳል። አንድ ወፍራም ነገር ከሚለበስ ሁለት ቀጫጭን መደረብ ያዋጣል። ከፊት የሚከፈት ሹራብ፣ ከሥሩ ብቻውን ቢቀር የማያሳፍር ሸሚዝ። እዚህ አገር ልብስ ስገዛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ላዩን ሳወልቀው ሥሩ ምን ይመስላል?" የሚል ነው።

ፋሽን ወዳድ፦
እሺ ነጭ ስኒከሩን ተውኩት። ክሬሙን ግን አልተውም። ክሬም የማታምርበት ሴት የለችም።

የጦር ኃይሎቿ፦
አለች፣ እኔ ነኝ። ሂጃብ ነው የምለብሰው፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፊቴ አጠገብ የሚውለው ቀለም የሻርፔ ቀለም ነው። ክሬም ሳደርግ ሁሉም "አሞሽ ነው?" ይለኛል። ፊቴን አመድ ያስመስለዋል። ሰናፍጭ ቀለምና ወይን ጠጅ ሳደርግ ግን "ምን ተቀባሽ?" እባላለሁ፤ ምንም አልተቀባሁም።

ቁም ሳጥን ሙሉ፣ እንዲህ ሞክሪ። ሻርፕ ተበደሪ፤ ከእህት፣ ከጎረቤት፣ ከእናትሽ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ቁሚ፣ ምንም ሳትቀቢ። ተራ በተራ ከአገጭሽ ሥር አድርጊና መስታወት እዪ። ሻርፑን እንዳታዪ፣ ፊትሽን እዪ። ዓይንሽ ሥር ያለው ጥቁረት ጎላ ካለ ያ ቀለም ለፊትሽ አይሆንም፣ ጫማ ይሁንልሽ። ፊትሽ ጠራ ካለ ደግሞ ያዢው። ሱቅ ውስጥ መብራት ሥር አይተሽ ቀለም አትምረጪ። ባለ ሱቁ ቢነጫነጭም ልብሱን ይዘሽ እስከ በሩ ውጪ።

ምሬተኛው፦
ሴቶች ግን ለምንድነው ነገር የምታበዙት? እኔ ሁለት ሱሪ ነው ያለኝ፣ እያፈራረቅኩ ነው የምለብሰው። ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ስሟ ይቆየን፦
አንተን አይልህም ወንድሜ። እኛን ይላል። ጥያቄውም የመጣው ከዚያ ነው።

ጋሽ መርፌ፦
ልጆቼ፣ በሴቶች ጨዋታ ገባህ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ልጄ ነው ስልኩ ላይ ያሳየኝ። እኔ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ነው።

የዚች ልጅ ችግር ግማሹ በመርፌና በክር ያልቃል። አጭር ሆና ዳሌዋ ሰፋ ያለ ሴት ተሰፍቶ የመጣ ልብስ አይበቃትም። ለዳሌዋ ስትገዛ ወገቡ ይንዘላዘላል፣ ለወገቧ ስትገዛ ዳሌዋ አይገባም። የሰውነቷ ጥፋት አይደለም፤ ፋብሪካ የሚቆርጠው በአንድ ልክ ነው። ልጄ፣ ሁልጊዜ ለሰፊው ቦታሽ ግዢ። ማጥበቡን ለኛ ተይው። ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው፣ ከታች ማሳጠርም ቀላል ነው። ትከሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ትከሻው የወረደ ኮት ለማስተካከል እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መገጠም አለበት። ሠርቼ እሰጥሻለሁ፣ ግን የምትከፍይኝ አያዋጣሽም። ስለዚህ ኮትም ሸሚዝም ስትለኪ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። ስፌቱ የትከሻሽ አጥንት ጫፍ ላይ ይረፍ። ሌላው እዳው ገብስ ነው።

የሚጠበውን ለማስፋት ከሆነ ልብሱን ገልብጪው። ስፌቱ አጠገብ ትርፍ ጨርቅ አለ? የዛሬ ልብስ አብዛኛው ትርፍ የለውም፣ እስከ ስፌቱ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ተይዞ ነው የሚመጣው። ከላይ ሸጋ ነው፣ ውስጡን ለቄስ። ጣት ያህል ትርፍ ያለው ልብስ ካገኘሽ ግን ብትወፍሪም ብትቀጥኚም አይጥልሽም።

ጨርቁን ደግሞ በእጅሽ ጨብጪውና ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂው። ተጨማዶ ከቀረ ታክሲ ውስጥም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ጥጥ ነው ብለው ፖሊስተር ሲሸጡልሽ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

የባንኩን ዩኒፎርም የት አደረግሽው? አስረክበሽው ካልሆነ እንዳትጥይው። ኮቱና ጉርዱ አንድ ላይ ሲለበሱ ነው ባንክ ባንክ የሚለው። ለያያቸው። ኮቱን በጅንስ፣ ጉርዱን በሹራብ። የኮቱን ቁልፍ ቀይሪው፤ ቁልፍ ሲቀየር ልብስ ይለወጣል፣ ሰው ግን ምኑ እንደተለወጠ አያውቅም።

እናንተ ልጆች ደግሞ ብትን ጨርቅ ገዝታችሁ ማሰፋት ትታችኋል። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ካገኘሽ ለቀጥ ያለ ጉርድ 1 ሜትር ይበቃል። ለሱሪ አንድ ሜትር ተኩል ውሰጂ። ጥጥ ከሆነ ሳይሰፋ በፊት ንከሪው፣ አለበለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥርሽና እኔን ትረግሚኛለሽ። ደግሞ በዓል ሲቃረብ ወደ ሰፊ አትምጪ። "ዓርብ ይደርሳል" ካልንሽም ማክሰኞ ነይ።

የጀሞ ጎረቤት፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎት! "ማክሰኞ ነይ" የሚለውን ከሰፊ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁም ሳጥን ሙሉ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ዩኒፎርሙ እኔው ጋ ነው። ግን ኮቱ ደረት ኪስ ላይ የባንኩ ዓርማ በክር ተጠልፎበታል። ብፈታው ቀዳዳው አይቀርም?

ጋሽ መርፌ፦
ከፊት በኩል አትንኪው ልጄ። ገልብጪና ከውስጥ ክሩን እየቆረጥሽ ፍቺ፣ ከዚያ ከፊት ቀስ እያልሽ ምዘዢው። በምላጭ ከሆነ አደራ፣ ጨርቁን ትሰነጥቂዋለሽ። ሲያልቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ተኩሺው፣ ቀዳዳውን በጥፍርሽ ፈግፈግ አድርጊው። ሱፍ ከሆነ ይገጥማል። ፖሊስተር ከሆነ በከፊል ነው። ከቀዳዳው ይልቅ የሚያስቸግርሽ ጥላው ነው። ኮቱ ፀሐይ ሲበላው ከዓርማው ሥር ያለው አልተበላም፣ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እሱን በላዩ ሌላ ኪስ ለጥፎ መሸፈን ነው። ጨርቅ ከየት እንዳትይኝ፣ ጉርዱን ስታሳጥሪ ከታች የሚቆረጠውን ስጪው። አብሮ የተገዛ፣ አብሮ የታጠበ ስለሆነ ከኮቱ ጋር ይገጥማል።

ቅዳሜ ገበያ፦
ብር እንደ ልብ የለም ያለችውን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ልብስ በሩቁ ነው። እኔ ሳልባጅ ነው የምለብሰው፣ አላፍርበትም። ቦንዳ ሲፈታ ጠዋት ቀድመሽ ድረሺ። ጨርቁ ደግሞ ሱቅ ከተሰቀለው አዲስ ነገር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ብብቱን፣ አንገቱን፣ ዚፑን ብርሃን ላይ አድርጊና እዪ። ቤት ወስደሽ ጨርቁ የሚችል ከሆነ በፈላ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው።

አቡጀዲ፦
ይቅርታ ግን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። በኮንትሮባንድ ነው የሚገባው። ጋሼ የሚሉትን ሰፊና የአገር ውስጥ ፋብሪካ ማን ያኑረው?

ቅዳሜ ገበያ፦
የአገር ውስጥ ፋብሪካ ይሸጥልኝና ልግዛ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው በዋናነት ለውጭ ገበያ ነው። እኛ ሰፍተን እንልከዋለን፣ ፈረንጅ ለብሶት ሲሰለቸው በቦንዳ ተጠቅልሎ ይመጣልናል። እኔ ምን ላድርግ?

አቡጀዲ፦
እሱስ እውነትሽን ነው። ቢሆንም አልገዛም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የአክስቷ ሸሚዞች ነገር ልቤን ነካው፤ እኔም ለእህቶቼ የምልክ አክስት ቢጤ ነኝ። እህቴ፣ ላኪዋ "ሚዲየም ነኝ" ስትያት በጨለማ ነው የምትገዛው። እዚህ አሜሪካ የአንዱ ሱቅ ሚዲየም የሌላው ስሞል ነው። ልክሽን በሜትር ለክተሽ ላኪላት፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ። የምትወጂውን አንድ ልብስ አልጋ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺና እሱንም ጨምሪ። "ይኼን የመሰለ" ብትያት አትቀየምም። እኔ ብባል ደስ ይለኛል፣ ሻንጣ ሞልቼ ሄጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ከማገኘው።

እዚህ እኛ ክረምቱን በጥቁር ካፖርት ነው የምንገፋው። ባቡር ውስጥ ሁሉም ሰው ጥቁር ነው። እኔ ላዩ ላይ ጠርዙ ቀጭን ጥለት ያለው ነጠላ እንደ ሻርፕ እጠመጥማለሁ። ለማስታወቂያ አይደለም፣ ስለሚሞቅ ነው። ፈትል አየር ይይዛል።

የእንጦጦ ሥር፦
ነጠላ ካነሳሽ እኔም ልግባ። የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። የሀበሻ ልብስ ለበዓል ብቻ ነው ያለው ማነው? ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆቹ 2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትጀምር የሸማኔን ሥራ ይዛ ነው የአዘቦት ልብስ ያሰፋችው። ያንን መግዛት አንችልም፣ ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል። ሽሮ ሜዳ ሂጂና ጥለት የሌለው ወይም አንድ ጣት የማይሞላ ጥለት ያለው ፈትል ጠይቂ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ወዲያው ትልልቅ ጥበብ ያወጣልሻል። እንቢ በዪው። እሱን ልቅ ያለ ሸሚዝ አሰፊ፣ ወገብ ላይ የማይጠብቅ፣ እጅጌው እስከ ክርን። በጥቁር ሰማያዊው ጉርድ ቢሮ ይገባል፣ በጅንስ ቅዳሜ ይለበሳል። የሸማኔ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ሰፊው ስፌቱን የት እንደሚያሳርፈው አስቀድመሽ ተነጋገሪ። መሀል ደረት ላይ ከመጣ ያስቀይማል። በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ብቻውን እጠቢው። ጥለቱ ቀለም ይለቃል፣ በተለይ ቀዩ።

ትልቋ እህት፦
አንድ ነገር ሁላችሁም ረሳችሁ፤ ለቅሶ። ሥራ ላይ እያለሽ ስልክ ይደወላል፣ "ከቢሮ አብረን እንሂድ" ይባላል። ያን ቀን አበባ ቀሚስ ለብሰሽ ከሆነ ድንኳን ውስጥ የምትገቢበት ይጠፋሻል። እኔ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ጥቁር ረጅም ጉርድና አንድ ነጠላ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ። የፈረንጁ ዝርዝር ላይ ይኼ የለም፣ እኛ ጋ ግን ከጅንስ ይቀድማል። ጥቁር ልብስ ደግሞ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ ነው የሚሰጣው። የአዲስ አበባ ፀሐይ በጥቂት እጥበት ቡኒ ያደርገዋል፣ ከዚያ ለለቅሶም ለሥራም አይሆንም።

ምሬተኛው፦
የለቅሶው እውነት ነው። እኔ ራሴ ቢጫ ሹራብ ለብሼ ቀብር ሄጄ አውቃለሁ።

ስሟ ይቆየን፦
ከሁለቱ ሱሪዎችህ በአንዱ ነው?

ቁም ሳጥን ሙሉ፦
ተመልሼ መጣሁ። የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ሳፋዬን አየሁ። የግራጫ ሹራቡ ምሥጢር ኪሱ ነው! መታወቂያዬን፣ ስልኬን፣ የታክሲ ዝርዝሬን የምከተው እዚያ ነው። ያላችኋቸው ሌሎች ምክንያቶች አልነበሩም። አሁን ኪስ የሌለው ነገር አልለብስም ብያለሁ፣ ጉርዱም ላይ ሰፊው የጎን ኪስ ያውጣልኝ። ባሌ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሻርፕ ከጎረቤት ተበድሬ መስኮት ሥር ቆምኩ። ወይን ጠጁ ሲደርስ ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ፈካ አልሽ" አለች። እናቴ ደግሞ "ለአሮጊት ነው" አለች። ልጄን ሰማሁ። ግራጫው ግን ፊቴን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሹራቡ ይቀጥላል፣ ከላዩ ወይን ጠጅ ሻርፕ ይገባል።

የካምፓስ ጅንሶቹን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ ቆማ ዘለለች። ከአክስቴ ሸሚዞች ትከሻቸው ልክ የሆኑት ወገባቸው እየጠበበ ነው፣ ሌሎቹ ለዘመድ ሄዱ። ልኬን በሴንቲ ሜትር ለአክስቴ ላክሁላት፤ "መች ጠየቅሽኝና ነው" ብላ ተቆጣችኝ። የሚዜነቱ ቀሚስ ግን ምን እንደሚሆን አላወቅኩም። ታፍታ ነው፣ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል።

ፋሽን ወዳድ፦
ቀሚሱን ሽጪው! ቴሌግራም ላይ የሚዜ ቀሚስ የሚያከራዩም አሉ። ክሬም ግን በበጋ ሞክሪ፣ ለኔ ስትይ።

የጦር ኃይሎቿ፦
ክሬሙን ከወገብ በታች ታድርገው፣ ከፊቷ ይራቅ እንጂ ምን ቸገረኝ። በጋ ላይ ጭቃም የለም።

ፋሽን ወዳድ፦
እንኳን አንድ ሰው ሰማኝ!

ቁም ሳጥን ሙሉ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፣ ጋሼ ካሉ። ሱሪ ላሰፋ ነው፣ ርዝመቱን እንዴት ላስለካ? አጭር ስለሆንኩ ታኮ ሳደርግ ሌላ፣ በፍላት ጫማ ሌላ ነው የሚሆነው።

ጋሽ መርፌ፦
ለሁለቱም የሚሆን ርዝመት የለም ልጄ። በአዘቦት የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፣ በሱ ይለካ። በፍላት ከሆነ የምትውይው ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይቁረጠው፣ ጭቃም አይነካው፣ እግርሽንም አያሳጥረውም። መሬት የሚጠርግ ሱሪ አጭር ሰውን ይውጠዋል። ከታች ደግሞ ሦስት ጣት ያህል እጥፋት እንዲተውልሽ ንገሪው፣ ኋላ ይረዝምልኝ ብትይ ይፈታል። ካልነገርሽው ቆርጦ ይጥለዋል።

የጀሞ ጎረቤት፦
ጋሼ፣ ሱቅዎ መርካቶ የትኛው ተራ ነው? እኔም ሁለት ሱሪ አለኝ።

ጋሽ መርፌ፦
ለልጄ በውስጥ መስመር ጻፊለት፣ ይነግርሻል። ግን የፋሲካ ትዕዛዝ አፍኖኛል፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነይ።